ውሻ ማሳደግ ለጤና ይበጃል? ጠይቁኝ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰዎች ውሻቸውን አሳክመው ሲጨርሱ ስለ ራሳቸው ጤና መጠየቅ ይወዳሉ። የዛሬው ጊዜ ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ውሻ ለልብ ጥሩ ነው የሚባለው የፈረንጅ ወሬ ነው ወይስ እውነት?

መልስ፦ ማስረጃ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ አይቷል። ብቻቸውን ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ውሻ ያላቸው፣ ከሌላቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ግን አንድ ነገር አለ። ድሮም ጤነኛ የሆነ ሰው ነው ውሻ ለማሳደግ አቅም የሚኖረው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2013 እ.ኤ.አ. ውሻ የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል ካለ በኋላ፣ ለዚህ ብላችሁ ብቻ ውሻ አታምጡ ብሏል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ የእኛ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ግቢ ይጠብቃል። ታዲያ እኔ ምን ተጠቀምኩ?

መልስ፦ ሌባ ተጠብቆልሃል። ለልብህ ግን እምብዛም ነው። ጥቅሙ በአብዛኛው የሚመጣው ከእግር ጉዞውና ከወዳጅነቱ ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ይዘኸው ብትወጣ ሞላልህ ማለት ነው። ሰፈሩ መጀመሪያ ይስቅብሃል፣ በኋላ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ ሕፃን ልጅ አለን። አስም አያመጣበትም?

መልስ፦ ስዊድኖች ይህንንም አጥንተዋል። በመጀመሪያ ዓመታቸው ውሻ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች ለትምህርት ሲደርሱ አስም የመያዝ ዕድላቸው በ13 በመቶ ያነሰ ነበር። ልጁ አሁኑኑ አለርጂ ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሩ።

ጥያቄ፦ በበዓል በግ ስናርድ ሳንባውን ለውሻው እንጥላለን። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የበግ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ታያላችሁ። ውስጡ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በፀጉሩ፣ በእጃችሁ፣ ባልታጠበ ሰላጣ በኩል ሰው ሆድ ይገባል። ከዚያ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያብጣል። ብዙዎች ሳያውቁት ቆይተው ቀዶ ሕክምና ይገባሉ። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። ደህና የመሰለውንም በደንብ ቀቅሉት። ውሻውን ደግሞ የትል መድኃኒት በየጊዜው አስጠጡት፤ ለዚህኛው ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው። ልጆች ውሻውን ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ማዕድ አይቅረቡ።

ጥያቄ፦ የራሳችን ውሻ ቢነክሰንስ? የምናውቀው ነው እኮ።

መልስ፦ ብታውቁትም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ቀጥሎ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን አትቁጠሩ። ቡችላውን በ3 ወሩ አስከትቡ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

ጥያቄ፦ እናቴ እዚህ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ናቸው። እኔ ሥራ ስውል ብቻቸውን ናቸው፣ ይደብራቸዋል። ውሻ ላምጣላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂያቸው። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን የማይወዱ ብዙ እናቶች አሉ፤ ግድ ብትያቸው ጭንቀት ትጨምሪባቸዋለሽ። ከወደዱ ረጋ ያለ፣ ዕድሜው የገፋ ትንሽ ውሻ ይሻላል። ጉልበተኛ ቡችላ ገመዱን ሲጎትት አረጋውያንን ጥሎ አጥንት ይሰብራል፤ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ስብራት በ2004 እና በ2017 እ.ኤ.አ. መካከል ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በረዶ ባለበት ቀን ውሻውን አንቺ አውጪው።