ዳቦ ከተውኩ ወዲህ እግሬ ይዝልብኛል

ጥያቄ፦ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ክብደትም አነሳለሁ። አሰልጣኜ «የሚያወፍረው ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስብ እንዳሻህ ብላ» ስላለኝ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና ፓስታ እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ቡናዬ ውስጥ ሳይቀር ቅቤ እጨምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ፈቀቅ አላለም። ዳገት ስሮጥ ደግሞ እግሬ ይዝልብኛል። ባለቤቴ «ይህ ቅቤ ልብህን ይጎዳዋል» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ በቅቤው ነገር ባለቤትዎን ይስሙ። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ሦስቱ ኪሎ።

ጉበትና ጡንቻ ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻሉ፤ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይገኛል። እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦና ሩዙ ሲቀር ክምችቱ ይሟጠጣል፤ ውኃውም በሽንት ይወጣል። በዚያ ሳምንት የወረደው ክብደት አብዛኛው ይኸው ነው። ይህን እያወቀ «ስብህ ቀለጠ» የሚል አሰልጣኝ ያናድደኛል፤ ሚዛኑ በቆመ ማግስት ራሱን የሚወቅሰው ሰልጣኙ ነውና።

ሚዛኑስ ለምን ቆመ? ካርቦሃይድሬት የተከለከለ ሰውነት ከቀድሞው የበለጠ ስብ ማቃጠሉ እውነት ነው። ከሚያቃጥለው ስብ ውስጥ ግን ማለዳ ከቡናው ጋር የገባውም አለበት። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲኖረው ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4 ካሎሪ አላቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ካሎሪ ገደማ ነው። «እንዳሻህ ብላ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ መልስ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ስብ እንዲቀንሱ የተነገራቸው በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ የተነገራቸው 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ይበልጥ የሚገርመኝ በየቡድኑ ውስጥ የታየው ነው፦ በሁለቱም ወገን ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሱ ነበሩ፣ የጨመሩም ነበሩ። ሁለቱም ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተመክረው ነበር። ይህ ጎኑ «ስብ ወይስ ካርቦሃይድሬት» ከሚለው ጭቅጭቅ ጫጫታ በታች ተቀብሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የእግርዎ ነገር ግልጽ ነው። በዝግታ ለሚሮጥ ሰው ስብ ይበቃዋል። ዳገት ሲመጣ ወይም ከባድ ብረት ሲነሳ ግን ጡንቻ ቶሎ የሚደርስለት ኃይል ይፈልጋል፤ እሱን የሚሰጠው ካርቦሃይድሬት ነው። ስብ ለዚያው ጉልበት ተጨማሪ ኦክስጅን ይጠይቃል። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ሉዊዝ በርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በስብ ላይ የተመሠረተ ምግብ የበሉ ምርጥ የእርምጃ ተወዳዳሪዎች ስብ በማቃጠል ተክነው ነበር፤ ሰዓታቸው ግን አልተሻሻለም። ካርቦሃይድሬት የበሉት አሻሽለዋል። ስለዚህ ዳገት በሚሮጡበት ቀን ከሩጫው ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው ሩዝ ወይም ድንች ይብሉ፤ ከሩጫው በኋላም እንዲሁ። በሌላው ቀን ካርቦሃይድሬት መቀነሱን ከወደዱት ይቀጥሉ። ረሃብ የሚቀልላቸው ሰዎች አሉ፤ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸውም ስኳራቸው ይወርድላቸዋል። እነዚህ ግን ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ከሐኪማቸው ሳይመክሩ ካርቦሃይድሬት ድንገት ማቆም አደጋ አለው፤ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

ወደ ቅቤው ልመለስ። ቅቤ በአንድ ቀን ልብ አይዘጋም። ነገር ግን እንደ ቅቤና ጮማ ያለ የሚረጋ ስብ ኤልዲኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ ኤልዲኤል ደግሞ ለዓመታት በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ደም ሥሩን ያጠብበዋል። ቀጭንና ስፖርተኛ ሆነው ካርቦሃይድሬት እጅግ ሲቀንሱ ኤልዲኤላቸው የሚያሻቅብ ሰዎች አሉ፤ መልክ አይቶ መገመት አይቻልም። ቅቤውን ከቡናው ያውጡት። በወይራ ዘይት፣ በለውዝና በዓሣ ይተኩት። የኮሌስትሮል ምርመራም ያድርጉ፤ ውጤቱን ግን ለአሰልጣኝዎ ሳይሆን ለሐኪም ያሳዩ።