መልስ፦ ኢንዛይሙ ጠግቦ ሳለ አርጂኒን ስጨምር ናይትሪክ ኦክሳይዱ ለምን ይጨምራል?
አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሠራው ኢንዛይም፣ በሴሉ ውስጥ የሚበቃው አርጂኒን ያለው ቢመስልም፣ ያንን ሁሉ እኩል ስለማያገኘው ነው፤ እኔን የሚያሳምነኝ ማብራሪያ ይህ ነው። በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ላይ አርጂኒንን የሚያስገባው ካት-1 የተባለው ፕሮቲን ከኢንዛይሙ ጎን፣ በሴሉ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን ጎድጓዶች ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አሁን ከውጭ የገባው አርጂኒን ለኢንዛይሙ ቀድሞ ይደርሰዋል። ኤዲኤምኤ የተባለው የአርጂኒን አምሳያም በኢንዛይሙ ላይ የአርጂኒንን ቦታ ይይዝበታል፤ አርጂኒን ሲበዛ ግን ቦታውን ይለቃል። ከሥራው የሚወጣው ሲትሩሊን ደግሞ በሁለት ሌሎች ኢንዛይሞች ተመልሶ አርጂኒን ይሆናል።

ከመለካትህ በፊት ግን ሴሎቹ ካሉበት የማሳደጊያ ፈሳሽ ሴረሙን (ከደም የሚገኘውን ፈሳሽ) አስወግድ። የጥጃ ሴረም አርጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ የጨመርከውን አርጂኒን ወደ ኦርኒቲንና ዩሪያ ይሰባብርብሃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተዘበራረቀ ውጤት ሳነብ ከረምኩ። የላይሲኑንም (የሌላው አሚኖ አሲድ) መጠን እይ፣ ወደ ሴሉ የሚገባው በዚያው በካት-1 ስለሆነ ከአርጂኒን ጋር ይሻማል።