አሮጌው ዲስክ ሲወጣ የማይነሳው ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ከግንቦት ጀምሮ የተመራቂዎች ጽሑፍ ይበዛብኛል፤ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ኤችፒ ላፕቶፔ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ዲስክ) ገዝቼ ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠሁ። ባለሙያው አዲሱን ዲስክ ገጥሞ ዊንዶውስ 11 ጫነልኝ፤ አሮጌው 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክም እዚያው ውስጥ ቀረ። ፍጥነቱ በጣም አስደስቶኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አሮጌውን ዲስክ ከውጭ በገመድ በሚሰካ ኬዝ አድርጌ ለፋይል ማስቀመጫ ልጠቀምበት ብዬ ባስወጣው፣ ላፕቶፑ የሚነሳበት ዲስክ እንደሌለ በእንግሊዝኛ ጽፎ ቆመ። አሮጌው ሲመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። የገዛሁት ኤስኤስዲ ብልሽት አለው ማለት ነው? እንደገና የሚጫን ከሆነስ የዊንዶውሱን ፈቃድና የደንበኞቼን ጽሑፎች አጣ ይሆን? (ጠያቂዋ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ኤስኤስዲዎ ጤነኛ ነው፤ እንደገለጹልኝ ከሆነ ስህተቱ የተፈጠረው ዊንዶውሱ በተጫነበት ዕለት አሮጌው ዲስክ ከላፕቶፑ ሳይወጣ በመቅረቱ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ሁሉ ነገሩን በአንድ ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም። ዋናው ሥርዓት በትልቁ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ላይ ሲያርፍ፣ ላፕቶፑ እንደበራ በመጀመሪያ የሚፈልገው የማስነሻ ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ በሆነች፣ ፋይሎቻችንን በምናይበት መስኮት ላይ በማትታይ፣ ኢኤፍአይ በምትባል ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ይቀመጣል። የመጫኛው ፕሮግራም እንዲህ ያለችውን ፓርቲሽን በአሮጌው ዲስክ ላይ ተሠርታ ካገኛት፣ በአዲሱ ላይ ሌላ ከመሥራት ይልቅ በእርሷው ይጠቀማል። ስለዚህ ዊንዶውስዎ ያለው በአዲሱ ዲስክ ላይ፣ ማስነሻው ደግሞ በአሮጌው ላይ ነው።

ይህን ዊንዶውሱን ሳያጠፉ በትእዛዝ መስመር ማስተካከል ይቻላል። ሆኖም ፓርቲሽን መቀነስና አዲስ መፍጠር ስለሚጠይቅ፣ አንድ ቁጥር በስህተት ሲገባ የሌላ ዲስክ መረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የእርስዎ ዊንዶውስ በቅርቡ የተጫነ በመሆኑ፣ እኔ ብሆን ከአዲስ መጫንን እመርጣለሁ።

አስቀድመው የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይገልብጡ። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ በሲ ድራይቭ ውስጥ እንዳለና ከእርሱ ጋር እንደሚጠፋ ብዙ ሰው ይዘነጋል። በጽሕፈት ሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ፎንቶቹ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ በኋላም ለረጅም ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ የዘለቁት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የሚያስቀምጡ ስለነበሩ፣ በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፎንቱ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። ስለዚህ ከሰነዶቹ ጋር በዊንዶውስ ማህደር ውስጥ ካለው የፎንቶች ማህደር የሚጠቀሙባቸውን ፎንቶች ይገልብጡ። ደንበኛ ፊት ቆሞ ሲጠብቅ ፎንት ፍለጋ መግባት አድካሚ ነው።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አይጨነቁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ (በዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ተጽፎ የሚገኝ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት የተረጋገጠ ዲጂታል ፈቃድም የሚታሰረው ከዲስኩ ጋር ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር ነው። ቀድሞ የነበረው የዊንዶውስ ዓይነት ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ ይጫኑ፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ራሱ ይረጋገጣል። ላፕቶፑ ቀድሞ የሚሠራው አክቲቬተር በሚባል፣ ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ በሚያሠራ ፕሮግራም ከነበረ ግን የሚመለስ ፈቃድ የለም፤ እነዚያን ፕሮግራሞች ለመክፈት ቫይረስ መከላከያውን አጥፉ የሚባለውም ቅን ምክር አይደለም።

መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ገጽ በሚገኘው ሜዲያ ክሪኤሽን ቱል አማካይነት ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁ። በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ መስመሩ ቀለል በሚልበት በሌሊት ማውረዱ ይሻላል። ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስን ግን አልመክርም፤ የደኅንነት ማሻሻያው በመደበኛነት የቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርም ዊንዶውስ 11ን ከሚቀበሉት ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ክዳኑን ከከፈቱ በኋላ በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ያላቁ፤ ከዚያ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥተው ያስቀምጡት። ይህን እርምጃ የሚዘሉት ሰዎች ምክንያታቸው «መርጬ እጭናለሁ» የሚል ነው። ነገር ግን በመጫኛው መስኮት ላይ ዲስኮቹ የሚታዩት ድራይቭ 0 እና ድራይቭ 1 ተብለው ነው፤ ቁጥሩም የትኛው አዲስ የትኛው አሮጌ እንደሆነ አይናገርም። የሚለያቸው መጠናቸው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ከሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ያንሳል፤ አምራቹ በ1000 እያባዛ ዊንዶውስ ግን በ1024 ስለሚቆጥር 1 ቴራባይቱ 931፣ 512ቱ ደግሞ 476.9 ጊጋባይት ሆኖ ይወጣል። መጠናቸው ተመሳሳይ ቢሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ያስቡት።

የባትሪውን ገመድና ክዳኑን መልሰው፣ በጅማ መብራት ሳይታሰብ ሊቋረጥ ስለሚችል ባትሪውን ከሞሉት በኋላ ፍላሹን ሰክተው ያብሩ፤ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕን ደጋግመው ከዚያ ኤፍ 9ን ሲጫኑ የማስነሻ ዝርዝሩ ይመጣል። ዩኢኤፍአይ የሚል ያለበትን የፍላሹን ስም ይምረጡ። ዲስክ የሚመረጥበት መስኮት ላይ ሲደርሱ፣ አሁን የሚታየው ኤስኤስዲው ብቻ ስለሆነ (ፍላሹ ከታየ በትንሽ መጠኑ ይለዩታል) በኤስኤስዲው ላይ ያሉትን ፓርቲሽኖች አንድ በአንድ ሰርዘው «ያልተመደበ ቦታ» የሚል አንድ መስመር ብቻ እስኪቀር ይቀጥሉ። ያንን መስመር መርጠው ወደ ቀጣዩ ይለፉ፤ ፓርቲሽን በእጅ መፍጠር አያስፈልግም፤ የማስነሻዋን ጨምሮ ሁሉንም ራሱ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ እንደገና ከፍላሹ ቢጀምር፣ ፍላሹን ነቅለው ዳግም ያስነሱት።

በማይክሮሶፍት አካውንት ከገቡ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ዲስኩን በምስጢር ሊቆልፈው ይችላል። 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ በአካውንትዎ ውስጥ ስለሚቀመጥ በወረቀት ገልብጠው ይያዙት፤ አንድ ቀን ባዮሱ (ላፕቶፑን የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም) ሲነካካ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ይጠየቃሉ። ዋይፋዩ ካልሠራ ስልክዎን በገመድ አገናኝተው ኢንተርኔቱን በማጋራት ድራይቨሮቹን (የላፕቶፑን ክፍሎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) በዊንዶውስ አፕዴት ያስገቡ።

አሮጌውን ዲስክ በኬዝ አድርገው የሚሰኩት ላፕቶፑ ያለ እርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ መነሳቱን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን፤ ፎርማት ለማድረግም አይቸኩሉ፤ ቢያንስ ይህ የተመራቂዎች ወቅት እስኪያልፍ ከነፋይሎቹ ይቆይ።