ከሐሰን ፋቲ ለአዳማ ቤት ምን እንውሰድ?

ጥያቄ፦ ሥነ ሕንፃ የምታጠናው ልጄ የግብፃዊው ሐሰን ፋቲ ስም ከአፏ አይጠፋም። አዳማ በምንሠራው ቤት የሳቸውን የጭቃ ቅስት ጣሪያ እንሞክር ትላለች። ሰውየው ማን ናቸው? ጣሪያውስ እዚህ ያዋጣል?

መልስ፦ ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1900 እስክንድርያ ተወልደው በ1989 ካይሮ ያረፉ አርክቴክት ናቸው። ከ1930 ጀምሮ ካይሮ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ለዓመታት አስተምረዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን ከግብፅዋ ከተማ ሉክሶር በናይል ወንዝ ማዶ በ1940ዎቹ የጀመሩት አዲሱ ጉርና መንደር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንጨትና ብረት ሲጠፋ፣ ያለ ካሳፎርማ (ከሥር ደግፎ የሚይዝ የእንጨት ቅርጽ) ጣሪያ መድፈን የሚያውቁ የኑቢያ ግንበኞችን ከአስዋን አካባቢ አስመጡ። የመጀመሪያው ቅስት የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ይነሣል፤ ቀጣዮቹም ወደዚያው ዘመም እያሉ አንዱ በሌላው ላይ ይለጠፋሉ። ጡቡ 25 በ15 በ5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንዲቀልል ጭዱ ይበዛል። እርጥብ ሳለ በጣት ሁለት መስመር ይሰመርበታል። ጭቃው የሚነክሰው ያንን መስመር ነው፤ ልሙጥ ከሆነ ጡቡ ይንሸራተታል። ይህን የገጠር እጅ ሙያ እንደ ዕውቀት አክብረው ለተማሪ ማሳየታቸው ትልቁ ውለታቸው ነው።

ቅስቱን ግን አዳማ ላይ አንመክርም። ሉክሶር ዝናብ የማያውቅ አገር ነው፤ እኛ ክረምት አለን። ከተማችሁም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። የጭቃ ቅስት ጫናን እንጂ መሳብን አይችልም፤ መሬት ሲነቃነቅ ግድግዳው ጥቂት ወደ ውጭ ቢገፋ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል።

ከጉርና የሚወሰደው ነፋሱ ነው። ለትምህርት ቤቱ መልቀፍ የሚባል ረጅም የነፋስ ማጥመጃ ሠርተው አየሩን በራሰ ከሰል መሀል አሳለፉት፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ እንደቀነሰ ጽፈዋል። እናንተ ከፕላኑ በፊት ቦታው ላይ እንጨት ተክላችሁ ጫፉ ላይ ብጣሽ ጨርቅ እሰሩ። ለሳምንት ያህል ጠዋትና ከሰዓት አቅጣጫውን መዝግቡ፤ በጋና ክረምት ስለሚለያይ ሁለቴ ቢሆን ይሻላል። መግቢያው አፍ ወደ ነፋሱ ይዙር፣ የአዳማ አቧራ እንዳይሞላው ከፍ ይበል፣ ወንፊት ይኑረው። በተቃራኒው ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ከመግቢያው የሰፋ መውጫ ተዉ፤ ብዙ ቤት የሚታፈነው መውጫ ስለሌለው ነው። ከሰሉ የሚሠራው በደረቁ ወቅት ብቻ ነው። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አያበርድም፤ ስለዚህ አፉ መዝጊያ ይሠራለት።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ይነሣ፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ። የጉርና ቤቶችን ከጎዷቸው አንዱ ከሥር የወጣ እርጥበትና ጨው ነው። ጭቃ ላይ ስሚንቶ አትለስኑ፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘውና ልስኑ ተልጦ ይወድቃል። በጭድ የተብላላ ምርግ ይበቃል።