«አቅርበው» ወይስ «አጉላው»? ስለ ስልክ ካሜራ ዙም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። መርካቶ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር የስልክ መሸጫ ሱቅ አለን። ለአዲስ ዕቃ ማስታወቂያ በአማርኛ አሳትመን ልንለጥፍ ስንል ተጨቃጨቅን። እኔ «ባለ 5 እጥፍ አቅራቢ ሌንስ» ይባል አልኩ። ጓደኛዬ «አቅራቢማ የዘይትና የስኳር ነው! ‹ባለ 100 እጥፍ ማጉያ› በል፤ ሳጥኑም የሚለው 100 ነው» አለኝ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ደግሞ «ዙም በሉና ተገላገሉ» አለን። ማናችን ነን ልክ? «5 እጥፍ» ነው ወይስ «5 ጊዜ» የሚባለውስ?

መልስ፦ በአንዱ ጓደኛዎ ልክ ነው፣ በሌላው እርስዎ ልክ ነዎት። የማተሚያ ቤቱን ልጅ ለመጨረሻ እናቆየው።

«አቅራቢ» ላይ ጓደኛዎ ያለው አይታበልም። «አቀረበ» ሩቁን ቅርብ አደረገ ማለት ነው፤ ከግሱ የወጡት ስሞች ግን ሌላ ሥራ ይዘዋል። «አቅራቢ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ ፊቱ የሚመጣበት ጨረታ ያሸነፈ ነጋዴ ወይም ዜና የሚያነብ ሰው ነው። «ማቅረቢያ» ልበል ቢሉ ትሪ ይሆንብዎታል። «አቅርቦት»ማ መጋዘን ከገባ ቆይቷል። ስሞቹን ማድ ቤትና ቢሮ ተከፋፍለው ስለወሰዷቸው ለሌንስ የቀረልን ግሱ ራሱ ነው፦ «አቅርቦ የሚያነሣ ሌንስ»። ይህም የኔ ፈጠራ አይደለም። የጦር ሜዳ መነጽርን «አቅርቦ ያሳያል» ስንል ኖረናል፤ በመነጽር ያልገረመን በስልክ ሊገርመን አይገባም።

ግሱን ትንሽ እንየው። ሠርግ ላይ «ቀርበህ አንሣኝ» እና «አቅርበህ አንሣኝ» ሲባል ልዩነቱ አንዲት «አ» ናት። በመጀመሪያው የሚራመደው ፎቶ አንሺው ነው። በሁለተኛው ፎቶ አንሺው ቆሞ የሚነሣውን ወደ ራሱ ያመጣል። አማርኛ ይህን በአንድ ፊደል ሲለይ፣ ብዙ ሰው ውጤቱ አንድ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሙሽራይቱን አንድ ክንድ ያህል ተጠግቶ በዋናው ካሜራ ያነሣት ሰው አፍንጫዋን ያገዝፍና ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ይሸሽጋቸዋል፤ በዚያ ርቀት አፍንጫዋ ከጆሮዋ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ይቀርባልና። ሦስት አራት ሜትር ርቆ አቅርቦ ያነሣት ግን ፊቷን እንደምናውቀው ያወጣዋል። ከጀርባዋ ያለው እንጦጦም ከቦታው ተነሥቶ ትከሻዋ ላይ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ «ቀርቦ» እና «አቅርቦ» ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ናቸው፤ ደንበኛዎ የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው።

«አጎላ» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። «ጎላ» መተለቅ ነው፣ ከሌላው በልጦ መታየት ወይም መሰማት ነው፤ ርቀት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። አጉሊ መነጽር እጅዎ ላይ ያለችውን ቅንጣት ያተልቃል እንጂ ከሩቅ ምንም አያመጣልዎትም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን «ድምፅ ማጉያ» ነው። ድምፅ ማጉያ የተናጋሪውን ቃል ብቻ መርጦ አያጎላም፤ ሳሉን፣ የወረቀቱን ኮሽታ፣ የሽቦውን ጥዝዝታ አብሮ ያጎላል። ተናጋሪው የዋጠው ቃል ካለ፣ ማጉያው የቱንም ያህል ቢጮህ ያ ቃል አይሰማም።

ዲጂታል ዙም የሚባለው ይኸው ነው። ስልኩ የምስሉን መሀል ቆርጦ እስከ ስክሪኑ ጠርዝ ይለጥጠዋል። 12 ሜጋፒክሰል፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ካሜራ በዚህ መንገድ 2 እጥፍ ሲያጎላ እውነተኛ ነጥቦቹ 3 ሚሊዮን ብቻ ይሆናሉ፤ 4 እጥፍ ሲያጎላ ከ1 ሚሊዮን በታች፣ 750 ሺህ ይቀራሉ። የጎደለውን ሶፍትዌሩ ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላዋል። ግምቱ ዛሬ ዛሬ በጣም የተራቀቀ ነው፤ ቢሆንም ግምት ነው።

ፊዚክስ የሚያውቅ አንባቢ «የጦር ሜዳ መነጽርም እኮ የሚሠራው ምስሉን በማጉላት ነው» ብሎ ይሞግተኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። ግን ተናጋሪ የሚሰይመው ያየውን ነው፦ ሩቅ የነበረ ዝርዝር ዓይኑ ሥር ሲመጣ «አቀረበው» ይላል፣ ፊቱ ያለው ሲተልቅ «አጎላው» ይላል። ለኦፕቲካሉ፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ ለሚሠራው ዙም፣ «አቀረበ»ን፣ ለዲጂታሉ «አጎላ»ን ልመድብ የምለው ይህን ልማድ ተከትዬ ነው።

እንዲያውም ባለፈው ሰሞን ከእህቴ ልጅ ጋር በስልኩ ሞክረነዋል። ከጀርባው ሦስት ሌንስ ያለው ስልክ ነው። ቀን፣ ፀሐይ ላይ ሆነን ስክሪኑ ላይ ያለችውን የዙም 3 ቁጥር ነካናትና ማዶ ያለውን የፋርማሲ ታፔላ አየን። አቅርባ የምታነሣውን ትንሿን ሌንስ በጣቴ ስሸፍናት ስክሪኑ ጨለመ። ማታ ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በዚያችው 3 ቁጥር አየንና ያችኑ ሌንስ ሸፈንኳት። ምንም አልሆነም! የቀን መቁጠሪያው እንደ ልቡ ይታያል። ጣቴን ወደ ዋናው ሌንስ ሳዞረው ነው የጨለመው። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ትንሿን ሌንስ ትቶ በዋናው ያይና ምስሉን ያጎላል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ሁለቱንም ጊዜ 3 ነው፤ ቀን ያቀረበው ስልክ ማታ አጎላ። ደንበኛዎ «በሌሊት ዙሙ አይጠራም» ብሎ ቢመለስብዎት አይቆጡት።

ወደ «እጥፍ» እንለፍ። «5 ጊዜ አቀረበ» አይበሉ፤ አምስቴ ደጋግሞ ያቀረበ ያስመስላል። «5 እጥፍ» ትክክል ነው። ነገር ግን «እጥፍ» ብቻውን የማይቆም ቃል ነው። «ደመወዙ እጥፍ ሆነ» ሲባል ከበፊቱ ማለት እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል፤ «5 እጥፍ ዙም» ሲባል ግን ከምን? ስልክ ላይ 1 የሚባለው ዋናው ካሜራ የሚያየው ነው፤ 5 ማለት ከእርሱ አምስት እጥፍ የቀረበ ማለት ነው እንጂ በዓይናችን ከምናየው አይደለም። ዋናው ካሜራ ሰፊ ስለሆነ ነገሩን ከዓይን አሳንሶና አርቆ ነው የሚያሳየን፤ ከእሱ 2 እጥፍ ቢያቀርብ ገና ዓይናችን የሚያየውን ያህል መድረሱ ነው። በሌላ ዓይነት ካሜራ ደግሞ መለኪያው ሌላ ነው። ሳምሰንግ በ2013 ጋላክሲ ኤስ 4 ዙም የሚባል፣ እውነተኛ ተንቀሳቃሽ ዙም ሌንስ የተገጠመለት ስልክ አውጥቶ ነበር። የዚያ «10 እጥፍ» የተቆጠረው ከራሱ ከሌንሱ ሰፊ ጫፍ ነው፤ በፎቶ አንሺዎች ልኬት፣ ማለትም በትልቅ ካሜራ ሌንስ ሲመነዘር እንጂ በራሱ በሌንሱ ርዝመት ሳይሆን፣ ከ24 እስከ 240 ሚሊሜትር ይደርስ ነበር። ቃሉ አንድ፣ መነሻው ሁለት። ስለዚህ «ከዋናው ካሜራ 5 እጥፍ» ብለው መነሻውን ይጻፉት፤ አንዲት «ከ» ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። 0.5 የሚለውን ግን በምንም ተአምር «ግማሽ እጥፍ» እንዳይሉት። ግማሽ የሚታጠፍ ነገር የለም፤ «ሰፊ ሌንስ» ይበቃዋል።

ስለ ማጠፍ ካነሣን፣ እኔን የሚያስደስተኝ እዚህ ጋ ነው። ያ ጋላክሲ ኤስ 4 ዙም ውፍረቱ 15.4 ሚሊሜትር ነበር፤ መደበኛው ኤስ 4 ግን 7.9 ሚሊሜትር። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አቅርቦ የሚያይ ሌንስ ርዝመት ይፈልጋል። የዛሬ ጥሩ ስልክ ዋና ሌንስ የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ ለመሰብሰብ የሚፈልገው ርቀት፣ ወደ 7 ሚሊሜትር ነው። በዚያው መጠን ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል በሚቀይረው ክፍል፣ 5 እጥፍ ይቅረብ ከተባለ ወደ 35 ሚሊሜትር ሊያስፈልግ ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር በሆነ ስልክ ውስጥ የት ይገባል?

መሐንዲሶቹ መልሱን ያገኙት በማጠፍ ነው። ብርሃኑ በጀርባ በኩል ይገባል፣ ፕሪዝም የሚባል ብርሃን አጣፊ መስታወት መትቶ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል፣ ከዚያ በስልኩ ውስጥ በአግድም ይጓዛል። ፔሪስኮፕ ሌንስ የሚባለው ይህ ነው። ሁዋዌ በ2019 ፒ 30 ፕሮ ላይ በዚህ መንገድ 5 እጥፍ አቀረበ። አፕል በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ላይ ብርሃኑን አራት ጊዜ አንጥሮ፣ ልክ እንደ ጋቢ አራት ድርብ አድርጎ፣ እሱም 5 እጥፍ ላይ ደረሰ። እንግዲህ በአማርኛ ብቻ የሚታይ ነገር ይኸውልዎ፦ እጥፉ የተገኘው በማጠፍ ነው! ሁለቱም ከ«አጠፈ» የመጡ ናቸው። ጨርቅ ስናጥፍ ድርቡ ይጨምራል፤ ቁጥሩም ስሙን ከዚያ አገኘ። ለፔሪስኮፕ ሌንስ አማርኛ ከጠየቁኝ «ታጣፊ» ሳይሆን «የታጠፈ ሌንስ» እላለሁ። «ታጣፊ» ካሉት እንደ ታጣፊ ወንበር የሚዘረጋ ነው የሚመስለው።

ማጠፉ ግን ዕዳ አለው። ሌንሱ በጎኑ ስለተኛ ስፋቱ ከስልኩ ውፍረት ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ቀዳዳው ይጠባል፣ ብርሃን ይቀንስበታል፣ ሴንሰሩም አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ያነሰ ነው። የእህቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ያየነው ከዚህ የመጣ ነው። በዚያ ላይ ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር ብዙውን ጊዜ አይሆንለትም፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ደረሰኝ ሲያነሡበት ወይ ይደበዝዛል ወይ ስልኩ ዝም ብሎ ወደ ዋናው ካሜራ ይመለሳል። አምራቾች ለዚህ ነው አንዱን ሌንስ ትተው ሦስት አራት የሚደረድሩት፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደተባለው።

ጓደኛዎ ቁጥር ይወዳልና አንድ ነገር ይንገሩት። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ 21 አልትራ እስከ ኤስ 23 አልትራ ድረስ 10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ 10 ሜጋፒክሰል የሆነ ሌንስና ሴንሰር ነበረው። በ2024 ኤስ 24 አልትራ ላይ ያንን አንሥቶ በ5 እጥፍና በ50 ሜጋፒክሰል ተካው። ከ10 ወደ 5 መውረድ ይመስላል። ሆኖም የ50ውን መሀል ቆርጠው 10 እጥፍ ቢያደርሱት 12.5 ሜጋፒክሰል ይቀራል፤ ከድሮው 10 አይብስም፣ በ5 እና በ10 መካከል ያለው ሁሉ ደግሞ ይጠራል። በእኔ ዓይን ጥሩ ልውውጥ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ለሻጭ አስቸጋሪ ቁጥር ነው። «100» የሚለውም በ2020 በኤስ 20 አልትራ ጀርባ ላይ ሲታተም፣ ሌንሱ ራሱ የሚያቀርበው ወደ 4 እጥፍ ነበር። የተረፈው ማጉላት ነው። ጓደኛዎ «100 እጥፍ ማጉያ» ማለቱ ሳያውቀው ትክክል ነው፤ ያጎላል እንጂ አያቀርብም። ደንበኛ ግን 100 እጥፍ ይቀርባል ብሎ እንዳይገዛ።

አሁን ወደ ማተሚያ ቤቱ ልጅ። «ዙም» በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የጥዝዝታ ድምፅ የሚያስመስል ቃል ነበር። በፎቶ አንሺዎች ዘንድ ትርጉሙ ጠባብ ነው፦ ዙም ሌንስ የሚባለው ራሱ እየተንቀሳቀሰ ከሩቅ ወደ ቅርብ ሳይቋረጥ የሚሄደው ብቻ ነው። ባለ አንድ ርቀት ሌንስ ዙም አይባልም። በዚህ ሚዛን አብዛኛው ስልክ ዙም የለውም፤ ስክሪኑን በሁለት ጣት ስንከፍት ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው እየዘለለ መሀሉን በማጉላት ይሞላዋል። እንደ ሶኒ ኤክስፔሪያ 1 ማርክ 4 (2022) በዚያው በፎቶ አንሺዎች ልኬት ከ85 እስከ 125 ሚሊሜትር በእውነት የሚንቀሳቀስ ሌንስ ያለው ስልክ ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ደንበኛ «ዙሙ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እርማት መስጠት የለብንም። «ዙም» አማርኛ ገብቶ ሥራውን ለምዷል፤ እንደ «ሼር አደረገ» ሁሉ «ዙም አደረገ» እያለ ከ«አደረገ» ጋር ይኖራል። ከስብሰባው ዙም ጋር እንኳ አልተምታታም፦ «በዙም» ካሉኝ ስብሰባ ነው፣ «ዙም አርገው» ካሉኝ ካሜራ ነው። ማንም አላስተማረንም፤ አንዲት «በ» ለየችው።

ስለዚህ ማስታወቂያዎ ላይ የልጁን ቃል ከላይ በትልቁ ይጻፉት፣ ደንበኛ የሚፈልገው እሱን ነውና። ከሥሩ የእርስዎንና የጓደኛዎን እንዲህ አስታርቀው ያስገቡት፦

«ዙም፦ ከዋናው ካሜራ 5 እጥፍ በሌንስ አቅርቦ ያነሣል፤ ከዚያ በላይ እስከ 100 እጥፍ ያጎላል።»

ማተሚያ ቤቱ በቃል ብዛት የሚያስከፍል ከሆነ «እስከ 100 እጥፍ» የሚለውን ያስቀሩት፤ «አቅርቦ» የሚለውን ግን አይንኩ።