«ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ነው የሚጠፋኝ»፦ በጫጫታ መሃል ንግግር ስለ መለየት ጥያቄና መልስ

ጆሮ ጠቢ፦ ጠይቁ። ዕድሜ ጻፉ፤ መስሚያ መሣሪያ ካለም ጥቀሱ። በድንገት የመጣ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነ ነገር ካለ ግን እዚህ አትቆዩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ዝምታ፦ 68 ዓመቴ ነው፤ መሣሪያ የለኝም። ለሁለት ስናወራ ደህና ነኝ። ሰው ሲሰበሰብ ግን ግራ ይገባኛል።

ጆሮ ጠቢ፦ ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ በተለይ ከ2,000 ሄርዝ በላይ ያለውን። የንግግር ጉልበት ያለው አናባቢው ላይ ነው፤ ቃል የሚለየው ግን በአብዛኛው ተነባቢው ነው። «ጠፋ፣ ሰፋ፣ ተፋ፣ ከፋ» ይበሉ፤ ልዩነታቸው የመጀመሪያዋ ተነባቢ ብቻ ናት፤ እሷም ደካማና አጭር። ጸጥታ ካለ አንጎል ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ይሞላታል፤ ጫጫታ ግን ለግምት የቀረውንም ፍንጭ ይውጠዋል። የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ሲሞቱ ደግሞ የተቀራረቡ ድምፆች ይደበላለቃሉ፤ ይህ በማጉላት አይመለስም። ስለዚህ ጩኹልኝ አይበሉ፤ ሲጮህ የሚጎላው አናባቢው ነው። ተናጋሪዎቹ ፊታቸውን ወደ እርስዎ አዙረው ዝግ ብለው ይናገሩ።

የልጅ ልጅ፦ አያቴ 81 ዓመታቸው ነው፤ ሰው ሲበዛ መሣሪያውን ያወልቁታል። የተሻለው የትኛው ነው?

ጆሮ ጠቢ፦ ስለ ምርት ስም አልመልስም። መጀመሪያ የድምፅ መውጫው ወንፊት በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ እይ። ከዚያ ርቀት! ተናጋሪው ከ2 ሜትር ወደ 1 ሲቀርብ፣ ክፍሉ ካላስተጋባ፣ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ጫጫታው ግን ባለበት ነው። ከመሣሪያቸው ጋር የሚገናኝ ገመድ አልባ ማይክ ተናጋሪው ደረት ላይ፣ ከአፉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሰካ ከዚህም ይበልጣል። ጠረጴዛ መሃል ጥላችሁት «አይሠራም» አትበሉ። የጆሮ ጎማውንም አሳይ፤ ሰፊ ቀዳዳ ካለው ጫጫታው መሣሪያውን ሳይነካ በጎን ይገባል። ሲዘጋ ደግሞ የራሳቸው ድምፅ ይጮህባቸዋል፤ ልኩን ባለሙያው ቀጭን ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብቶ ይለካ።

ሽቦ፦ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጥ ይበቃል።

ዝምታ፦ እኔ የሰማሁት ጀርባን ለጫጫታው መስጠት ነው።

ሽቦ፦ ከኋላ እየጮኹብህ?

ጆሮ ጠቢ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። መሣሪያው ከፊት የሚመጣውን የሚመርጥ ማይክ ካለው ጫጫታው ከጀርባ ይሁን። መሣሪያ ለሌለው ግድግዳው ይሻላል፣ ያውም መጋረጃ ያለበት።

ሽቦ፦ የእኔ ምርመራ «ደህና» ይላል፤ ታዲያ ለምን አልሰማም?

ጆሮ ጠቢ፦ የተለካኸው በጸጥታ ክፍል በፉጨት ነዋ! በጫጫታ ውስጥ የንግግር ምርመራ ጠይቅ።

እንግዳ፦ ጫጫታ ውስጥ አይሰማኝም፣ ምን ይሻላል?

ጆሮ ጠቢ፦ ከላይ አንብብ።

ማታ ማታ፦ ከትናንት ወዲያ የግራ ጆሮዬ ድፍን ብሏል፤ ኩክ ሳይሆን አይቀርም። በጥጥ ላውጣው?

ጆሮ ጠቢ፦ በጥጥ አይነካም፤ የባሰ ይገፋዋል። ኩክ መሆኑን ሐኪም የሚያውቀው አይቶ ነው። ችግሩ የውስጥ ጆሮ ከሆነ ሕክምናው የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው። ዛሬ ታይ።

ማታ ማታ፦ ሰኞ ብሄድስ?

ጆሮ ጠቢ፦ ዛሬ አልኩ።