«0» ብዬ የሞላሁት ቤት

ለትምህርት ወደ ቦሊቪያ ለመሄድ የተዘጋጀች አንዲት ወጣት ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። «ጋሼ፣ ቤቱን ፈትሸን ምንም ተባይ ካላገኘን ቅጹ ላይ ‹የለም› ብለን እንሙላ?» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ብዙ ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ ሃሎ አለች።

እኔ እዚያ አገር የደረስኩት በኩባ በኩል ነው። በመርከብ ተጭነን ከሄድነው ልጆች አንዱ ነኝ። ወጣቶች ደሴት ላይ ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ብርቱካን እንለቅማለን። ዛሬም ስቆጣ አፌ ላይ የሚቀድመኝ ስፓኒሽ ነው። የነፍሳት ጥናት ተምሬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቦሊቪያ ኮቻባምባ ሸለቆ ቪንቹካ የምትባል ደም መጣጭ ነፍሳት እየፈለገ ከሚያጠፋ ቡድን ጋር ሠራሁ።

ቪንቹካ የእኛ ትኋን የሩቅ ዘመድ ናት፤ ክንፍ አላት፣ ርዝመቷም ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ቀን በጭቃው ጡብ ስንጥቅና በሣር ክዳኑ ውስጥ ትደበቃለች። ሌሊት ወርዳ የተኛ ሰው ፊት ላይ፣ ሳታሳምመው፣ ደሙን ትመጥጣለች። የቻጋስን በሽታ የምታስተላልፈው ግን ስትነክስ አይደለም። ጠግባ የምትጥለውን ኩስ ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሲያክ ወደ ቁስሉ ወይም ወደ ዓይኑ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። በሽታው ከጸናባቸው እስከ ሲሶ የሚደርሱት በመጨረሻ ልባቸው ይጎዳል።

ያቺ ቤት የዕለቱ የመጨረሻዋ ነበረች። ባለቤቷ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ማድ ቤቱ ውስጥ ለሥጋ የሚያረቧቸው ጊኒ ፒጎች ይተራመሳሉ። ከአልጋው ጀርባ የድንችና የበቆሎ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ደንባችን ግልጽ ነው፤ አልጋው ከግድግዳ ይራቃል፣ ዕቃው ይነሳል፣ ስንጥቁ ውስጥ የሚያባርር መድኃኒት ይነፋል፣ ከዚያ በእጅ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ይፈተሻል። ሴትየዋ «ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ጆንያውን ያነሳልሃል፣ ትንሽ ጠብቅ» አሉኝ። አልጠበቅኩም። መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ነበር። ባትሪዬን ከጆንያው በላይ ሳበራ ግድግዳው ላይ ቀለም የተንጠባጠበ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ዝርግፍ አየሁ። የቪንቹካ ኩስ ነው፤ ግን የቆየ ነው አልኩና «0» ጽፌ ፈረምኩ። በዚያ ዙር የሚረጨው ተባይ የተገኘበት ቤት ብቻ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አሮጊቷ የክብሪት ሳጥን ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። መዝገቡን ገለጥኩ፤ «0» ይላል። ሳጥኑን በትንሹ ከፈት አድርጌ «ይቺ የተክል መጣጭ ናት» አልኳቸው። ገልብጬ አፏን አላየሁም። ማየት የነበረብኝ እሱን ነው፤ የቪንቹካ መምጠጫ ቀጥ ያለና ባለ ሦስት አንጓ ሲሆን፣ የተክል መጣጮቹ አራት አንጓ አለው። «ከእሷ ጋር አንድ ቤት ያደግኩት እኔ ነኝ፣ አላውቃትም?» አሉና ሳጥኑን በነጠላቸው ቋጥረው ሄዱ።

በተከታዩ ዓመት ባልደረባዬ ጆንያዎቹን አነሳቸው። ላወጣቸው ነፍሳት አንድ ዕቃ አልበቃም። የልጁ ደም ሲመረመር በሽታው ተገኘበት። የተያዘው ከእኔ በፊት ይሁን ከእኔ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ኖሬአለሁ። የሁለት ወር መድኃኒቱን ጨርሷል፤ በልጅነት ሲወሰድ ጥሩ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ቺሊ፣ በ2006 ብራዚል በዚህች ቪንቹካ የሚመጣውን መተላለፍ እንዳቋረጡ ሲመሰከርላቸው ደስ ብሎኛል። ግን እንዲህ ያለ ዜና ስሰማ ያ ጆንያ ይመጣብኛል።

ለዚህ ሥራ ለምትሄዱ ወጣቶች ስለ አረጫጨቱ አልጽፍም፣ መመሪያው ላይ አለ። መድኃኒቱ የቪንቹካን እንቁላል እንደማይገድልና ተመልሶ መፈተሽ እንደሚያስፈልግም ታውቃላችሁ። የዶሮ ቤቱን ግን ትዘነጋላችሁ። ዶሮ በሽታው አይዛትም፤ ተባዩን ግን ትቀልባለች። ውጭ የተረጨውን ደግሞ ፀሐይና ዝናብ ቶሎ ያጠፉታል፤ ቪንቹካ ወደ ተረጨው ቤት ተመልሳ የምትገባውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

የዛሬ ወጣቶች ስልካችሁ ላይ ያለውን ካርታ እንጂ አልጋ ሥር ማየት አትወዱም። ጉልበታችሁ አቧራ አይነካውም። ይህን ስል፣ በዚያ ዘመን የአሮጊቷ ልጅ ልጅ ስልክ ቢኖረው ኖሮ የነፍሳቷን አፍ አጉልቶ አንስቶ ያሳፍረኝ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም ቢሆን ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጉልበቴም ንጹሕ ነበር።

ለልጅቷ «‹አልተገኘም› ብለሽ ሙዪ» አልኳት፤ «ስንት ደቂቃ እንደፈለግሽና ሳታነሺ የተውሽውን ዕቃም ጨምሪበት።» ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም አለችኝ።

«ጀርባው ባዶ ነው» አልኳት።